ኤቲኤሊየንስን ሐረጎ ላይ ሰማሁት

ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ስለዚህ አልበም ልጽፍ ካሰብኩ ወር አልፎኛል፣ ግን በሰማሁት ቁጥር ሌላ ነገር እየመጣብኝ ሳዘገየው ቆየሁና ዛሬ በቃ ልጨርሰው ብዬ ተቀመጥኩ። አልበሙ አውትካስት የሚባሉት የሁለት አትላንታ ራፐሮች ኤቲኤሊየንስ ነው፣ ሁለተኛ የስቱዲዮ አልበማቸው፣ በፈረንጅ ኦገስት 27 ቀን 1996 የወጣ፣ በኛ ነሐሴ 21 ቀን 1988 መሆኑ ነው። አዎ የቆየ ነው፣ ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም፣ እኔም ገና ጡት ያልጣልኩ ልጅ ነበርኩ። ግን አንዳንድ ስራ አለ አይደል ዕድሜው በገፋ ቁጥር ድምፁ እየጠራ የሚሄድ፣ ይሄ እንደዛ ነው፣ እና እዚህ ደሴ ሂፕሆፕ እንወዳለን ከምንለው ልጆች መሃል እንኳን ሰምቶ የጨረሰው ሰው ስላላገኘሁ ነው የምጽፈው።

እጄ የገባው እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ አትላንታ ነው የምትኖረው፣ ለታናሽ እህቷ ሰርግ መጥታ ሻንጣዋን ስትፈታ ለኔ ያወጣችልኝ ጫማ ወይ ስልክ ሳይሆን ሲዲ ሆነ፣ ሲዲ! “ይሄን ሌላ ሰው አያመጣልህም ብዬ ነው” አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ቤቷ ዲኬተር አካባቢ ነው፣ አትላንታ ጥግ ያለች ከተማ፣ በዛ አካባቢ ሐበሻ ብዙ ነው። እና አልበሙ ውስጥ ዲኬተር ሳልም የሚል ዘፈን አለ፣ የዲኬተር መዝሙር እንደማለት፣ መዝሙረ ዳዊት እንደምንለው ዓይነት መዝሙር። የሰፈሯ ስም ሲዲ ላይ ተጽፎ ስታሳየኝ ፊቷ ላይ የነበረውን ኩራት ብታዩት። ሽፋኑ ላይ ሁለቱ ልጆች በካርቱን ተስለዋል፣ ውስጡ ያለው መጽሔት ደግሞ ሙሉ ኮሚክ ነው፣ ታሪክ ያለው፣ እየገለጥክ የምታነበው። ዘፈን በስልክ ብቻ ለሰማ ሰው ይሄን እጅ ላይ ይዞ መስማት ሌላ ነገር ነው።

አሁን አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ ምክንያቱም ለአልበሙ ያለኝ አመለካከት ከዛ ነው የተነሳው። ሲዲውን ወደ ስልኬ ለማስገልበጥ አንድ ኮምፒውተር ቤት ወሰድኩት፣ የቤቱን ስም አልጠራም፣ ልጁም ዘፈኖቹን በስማቸው ፊደል ተራ አድርጎ ነው የጫነልኝ። እኔ ምን አውቄ፣ ሳምንት ሙሉ እንደዛው ሰማሁት። በፊደል ተራ ሲሆን ቁጥር ይቀድማል፣ ስለዚህ 13ኛው ፎቅ የሚለው ስለ እርጅና የሚያወራው መዝጊያቸው ለኔ መክፈቻ ሆነ፣ የአልበሙ መግቢያ ደግሞ መጨረሻ ላይ ተጥሎ ቀረ። እንደዛ ተገለባብጦ እንኳን ወደድኩት ግን የሆነ ነገር ልክ አልመጣ አለኝ፣ ዘፈኖቹ አንዱ አንዱን አይሰማውም፣ በየራሳቸው ነው የቆሙት። በኋላ ከሲዲው ጀርባ አይቼ በተራቸው ሳስተካክላቸው ነው ወይኔ ያልኩት። ይሄ አልበም እንደ ቡና ስነስርዓት ነው፣ በረካውን አስቀድመህ አቦሉን መጨረሻ ብታመጣው ቡናው ያው ቡና ነው ግን ምኑ ቡና ማፍላት ይባላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፣ ዘፈን እየዘለላችሁ ወይ እያቀላቀላችሁ አትስሙት፣ ከአንድ ጀምራችሁ ውረዱ።

የምሰማው መንገድ ላይ ነው። ደሴ ነው የማድረው፣ የምሰራው ኮምቦልቻ ነው፣ በየቀኑ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ ውስጥ እገባለሁ፣ እስኪሞላ ደግሞ እንጠብቃለን፣ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው ግን ከጥበቃው ጋር አንድ ሰዓት ይሞላል፣ አልበሙም ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ነው፣ ልክ ለኛ መንገድ የተለካ ይመስል። ሐረጎን የማታውቁ ካላችሁ ደሴ ብርድ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ ታች ሙቀት ውስጥ፣ መሃሉ የሚጠማዘዝ ቁልቁለት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ሲወርድ ሹፌሩ መብራት አብርቶ ነው የሚሄደው፣ ከፊት ያለውን አይሱዙ የምታየው ጭራው ላይ ስትደርስ ነው። እዛ ጉም ውስጥ ነው ይሄ አልበም የተገለጠልኝ። ሙዚቃው ባዶ ቦታ አለው፣ ድምፁ ሩቅ ሄዶ ይመለሳል፣ ቤዙ ከታች ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሌላው ሁሉ ትንሽ ትንሽ እየጠቀሰ ያልፋል። ረዳቱ ሂሳብ እያለ ትከሻዬን ሲነካኝ ከእንቅልፍ የነቃሁ እየመሰለኝ ነው ብር የማወጣው።

እሺ ስለ ልጆቹ ትንሽ ልበል። ሁለት ናቸው፣ አንድሬ ቤንጃሚንና አንትዋን ፓተን፣ ማለት አንድሬ 3000 እና ቢግ ቦይ፣ ሁለተኛ ደረጃ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ አትላንታ ጥግ ኢስት ፖይንት። አሜሪካ ደቡብ ማለት ነው፣ ደቡብ ስል የነሱን ደቡብ ነው፣ እኛማ ሰሜን ነን። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1994 ወጣ፣ ላፌስ ሬከርድስ በሚባለው የኤልኤ ሪድና የቤቢፌስ ድርጅት በኩል፣ ስራውን ያቀናበሩላቸው ኦርጋናይዝድ ኖይዝ የሚባሉ ሶስት ልጆች ናቸው፣ ሪኮ ዌድ፣ ሬይ መሬይ እና ስሊፒ ብራውን። ቲኤልሲ የሚባሉትን ሴቶች ዋተርፎልስ የሚለውን ዘፈን የሰማ ሰው የነሱን እጅ ሰምቷል። ሁሉም የሚሰበሰቡት የሪኮ ዌድ እናት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነበር፣ ደንጀን ይሉታል፣ ወለሉ ቀይ አፈር የነበረ ቤት፣ ስቱዲዮአቸው እሱ ነበር። እኔ ይሄን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ ምክንያቱም እኛም እዚህ ፍራሽ ግድግዳ ላይ አስደግፈን የምንቀዳ ልጆች አለን፣ ቦታ የለንም እያልን ምክንያት ስንደረድር ስንት ዓመት አለፈን። ሪኮ ዌድ በ2024 አርፏል፣ ነፍሱን ይማር።

የመጀመሪያው አልበም ጥሩ ነው፣ የሞቀ ነው፣ ስለ ካዲላክ ስለ ሰፈር ስለ ጨዋታ ነው፣ ሰውም ወደደው። ግን ያኔ ሂፕሆፕ ማለት ወይ ኒውዮርክ ነው ወይ ሎስ አንጀለስ፣ ሁለቱ እየተጣሉ ሌላውን የሚያየው ሰው የለም። በ1995 ኒውዮርክ ላይ ሶርስ የሚባለው የሂፕሆፕ መጽሔት ሽልማት ሲሰጥ አውትካስት ምርጥ አዲስ ቡድን ተብለው ተጠሩ፣ አዳራሹ ጮኸባቸው፣ ቡ አላቸው። ገና የሃያ ዓመት ልጆች ናቸው እኮ። አንድሬ ማይኩን ይዞ በንዴትም በፍርሃትም መሃል ሆኖ ደቡቡ የሚለው ነገር አለው ብሎ ወረደ። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት፣ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ትሰማላችሁ።

እኔ ይሄን ቪዲዮ ሳይ የመጣልኝ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ዶርም ውስጥ “አንተዋ” ብዬ ስጠራ ልጆቹ ሳቁ፣ ክፋት አልነበረበትም ግን ሳቁ፣ እኔም በወሩ አነጋገሬን ቀየርኩ፣ ቤት ስደውል ብቻ ነበር የሚመለስልኝ። ከክፍለ ሀገር መጣ ይሉሃል፣ ራስህም ትለዋለህ። ግን እስቲ አስቡት፣ የሀገሪቱ ዘፈን ሁሉ ከሚቆምባቸው ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ባቲና አምባሰል ናቸው፣ ባቲ ቅርብ ነች፣ አምባሰልም ቅርብ ነው፣ ሸገር ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ባቲ የሚጫወት ሰው የኛን መንደር ስም እየጠራ ነው። እንደዛ ሆኖ ነው እንግዲህ እኛ ራፕ ስናደርግ የአዲስ አበባ ልጅ ለመምሰል፣ ይባስ ሲልም የኒውዮርክ ልጅ ለመምሰል የምንሞክረው።

አውትካስት ከዛ ጩኸት በኋላ ምን አደረጉ ነው ጥያቄው። አንድ ሰው ሲጮህበት ወይ የሚጮህበትን ለመምሰል ይሞክራል ወይ ተናዶ መልሶ ይጮሃል። እነዚህ ሁለቱንም አላደረጉም። እንግዳ ካላችሁንማ ከሌላ ፕላኔት ነው የመጣነው አሉ። የአልበሙ ስም ራሱ እሱ ነው፣ ኤቲኤል የአትላንታ ማሳጠሪያ ነው፣ ኤሊየን ማለት ባዕድ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር፣ ሁለቱን ሰፍተው አንድ ቃል አደረጉት። እና ሳይጮኹ ድምፃቸውን ዝቅ ነው ያደረጉት! ለኔ የዚህ አልበም ጉልበት እሱ ነው፣ የሚለው ያለው ሰው ዝግ ብሎ ሲያወራ ሌላው ለመስማት ጠጋ ይላል። እዚህ አካባቢ ሽማግሌ ዳኝነት ላይ ሲቀመጥ ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል።

አንድሬ በዛ መሃል ራሱ ተቀይሯል፣ መጠጥና ማጨስ ትቷል፣ ስጋ ትቷል፣ ራሱ ላይ መጠምጠም ጀምሯል፣ ቢግ ቦይ ደግሞ ሴት ልጅ ወልዶ አባት ሆኗል። ከመጀመሪያው አልበም ባገኙት ገንዘብ መሳሪያ ገዝተው አንዳንዱን ቢት ራሳቸው መስራት ጀመሩ፣ የቀረውን ኦርጋናይዝድ ኖይዝ ናቸው የሰሩት። እንግዲህ ያኔ 21 ዓመታቸው ነው። የተወደደልህን ነገር ትተህ ሁለተኛው ላይ ሌላ መንገድ መሄድ ቀላል አይደለም፣ እኛ ሀገር ስንቱ ዘፋኝ ነው የመጀመሪያ ካሴቱን አምስቴ ደግሞ የሰራው። ደግነቱ ሰው ገባው፣ አልበሙ በወጣ ሳምንት ቢልቦርድ ላይ፣ የአሜሪካ የአልበም ደረጃ ማውጫ ማለት ነው፣ ሁለተኛ ሆኖ ነው የገባው፣ በኋላም እዛው አሜሪካ ደብል ፕላቲነም ሆኗል።

ወደ ዘፈኖቹ እንግባ። በስሙ የተጠራው ኤቲኤሊየንስ ሶስተኛው ላይ ይመጣል፣ ከሁሉም ሞቅ የሚለው እሱ ነው፣ እጅ የሚያስነሳ አዝማች አለው፣ አዝማቹ ውስጥ ዓሳና ግሪትስ ይላሉ፣ ግሪትስ ማለት በበቆሎ የሚሰራ የነሱ ገንፎ ነው በሉት። ለሀገሩ ሁሉ በሚያዘፍኑት አዝማች ውስጥ የሰፈራቸውን ምግብ ነው የከተቱት። እዛው ዘፈን ላይ አንድሬ መጠጥና እፅ የማልነካው ሲግናሉ ጥርት ብሎ እንዲገባልኝ ነው የሚል ነገር ይናገራል፣ ሲሰብክ አይደለም፣ እንዲያው ምክንያቱን ሲነግርህ ነው። እኔ ጓደኞቼ ሁሉ ጫት ላይ ሲቀመጡ ለምን አትቅምም ሲሉኝ መልስ አጥቼ ሰበብ ስፈጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን መልስ አገኘሁ፣ ሲግናል ነው።

ኤሌቬተርስ ግን፣ አቦ ኤሌቬተርስ። ስለዚህ ዘፈን ብቻ ገጽ መሙላት ይቻላል። ራሳቸው ናቸው የሰሩት፣ ነጠላ ሆኖ ሲወጣ አሜሪካ ላይ 12ኛ ድረስ ሄዷል፣ ግን ስትሰሙት እንዴት ተብሎ ነው ትላላችሁ ምክንያቱም ምንም የሚጮህ ነገር የለውም። ቤዙ አለ፣ ጠብ ጠብ የሚል ከበሮ አለ፣ ድምፁ እንደ ገደል ማሚቶ እየራቀ የሚጠፋ፣ ጦሳ ስር ቆመህ ስትጣራ የሚመለስልህ ዓይነት። ገና ሲጀምር የሁለት መንገዶች ስም ይጠራል፣ ሄድላንድና ዲሎው፣ ነገሩ የተጀመረበት መስቀለኛ መንገድ፣ ከዛ ሁለቱ ማርታ በሚባለው የከተማው አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ሲንከራተቱ። የአክስቴን ልጅ ቦታው አለ እንዴ ስላት “አለ፣ ተራ መንገድ ነው እኮ፣ ማርታንም በየቀኑ ነው የምሳፈረው” አለችኝ። ተራ መንገድ! እኛ የሰፈራችንን ስም፣ ቧንቧ ውሃ ወይ ሰኞ ገበያ ብንል ሰው ይስቅብናል ብለን ነው የማንለው፣ እነሱ ግን ተራ መንገዳቸውን ጠርተው ይሄው እኔ ሐረጎ ላይ ሆኜ በቃሌ አውቀዋለሁ።

የመጨረሻው የአንድሬ ቨርስ ላይ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ቁሙ። ከድሮ ትምህርት ቤት የሚያውቀው አንድ ልጅ ገበያ ማዕከል ውስጥ ያገኘዋል፣ ታዋቂ ሆነሃል ሀብታም ሆነሃል ምናምን ዓይነት ወሬ ያመጣበታል። አንድሬ ሲመልስለት፣ አዎ ከተራ ሰው ይልቅ አድናቂ አለኝ ግን ገንዘቡ ሳምንቱን አያደርሰኝም፣ አንተ ከደሞዝ ደሞዝ እንደምትኖረው እኔም በቢት ነው የምኖረው፣ አንተ እግርህን ካላንቀሳቀስክ እኔ አልበላም ይለዋል። በዚህ መስመር ላይ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬን አቁሜ መልሼ ሰምቼዋለሁ፣ ወሩ 23 ነበር፣ ኪሴ ውስጥ የመመለሻ ትራንስፖርት ብቻ ነው ያለው። ዘፋኝ ስለ ብሩ ሲያወራብኝ እንጂ እኔና አንተ እኩል ነን ሲለኝ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አዝማቹም እኔና አንተ፣ እናትህም የዘመድህ ልጅም ዓይነት ነው የሚለው፣ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ላይ ተጭኖ ሲወጣ። የአክስቴ ልጅ እዚህ ጋ ስትደርስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እኔ ነኝ አለች፣ ተሳሳቅን።

ኢቲ የሚለው ላይ ከበሮ የለም። ራፕ ያለ ከበሮ፣ በ1996! መንዙማ ላይ ድቤው ቆም ሲልና ድምፅ ብቻ ሲቀር ቤቱ ውስጥ የሚወርደውን ፀጥታ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ያ ነው፣ ትንፋሽህን ይዘህ ነው የምትሰማው። ይሄ ዘፈን ሲደርስ እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ በእግሬ ወደ ስራ እየሄድኩ ነው፣ ጃኬቴን አውልቄ፣ ሙቀቱ ጀምሮ፣ ባጃጆቹ ዙሪያዬን እየጮሁ፣ ግን ጆሮዬ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ አሉ።

ዲኬተር ሳልም ላይ ቢግ ጊፕና ኩል ብሪዝ አሉበት፣ ሜንስትሪም ላይ ደግሞ የጉዲ ሞብ ልጆች፣ ሁሉም የዛው የምድር ቤት ልጆች ናቸው፣ ከውጭ ታዋቂ ሰው አልጠሩም። ይሄም ትልቅ ነገር ነው ለኔ። ዊልዝ ኦፍ ስቲል ላይ ዲጄው ሸክላውን ሲፍቀው ለድሮ ሂፕሆፕ ወዳጆች ይጣፍጣል።

ያልወደድኩትንም ልናገር እንጂ ሁሉም ማር ነው አልልም። ጃዚ ቤል የሚለው ሙዚቃው በጣም ያምራል፣ ከአልበሙ ለስላሳው እሱ ይመስለኛል፣ ግን ስሙ ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ካለችው ከኤልዛቤል ጋር የተጫወተ ነው፣ ሙሉውን ሴቶች ላይ ነው የሚፈርደው። ቢግ ቦይ አባት ሆኖ ስለ ልጁ መስጋቱ ይገባኛል ግን ወንዶቹ የሚሰሩት የት ሄደ? እህቴ ግጥሙን ተርጉሜላት “ይሄ እኮ ቤታችን በየቀኑ የሚባል ነገር ነው፣ ይሄን ለመስማት አትላንታ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር” አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም። ከዛ ሌላ መሃሉ ላይ፣ ከዌይሊን እስከ ሚሌኒየም ባለው፣ ፍጥነቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንብሃል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር ላይለየው ይችላል፣ እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ስድብም አለው፣ እንግሊዝኛ የሚችል ትንሽ ልጅ ባለበት ባትከፍቱት። አነጋገራቸውም ከባድ ነው፣ ቃላቱን ይጎትቷቸዋል ይውጧቸዋል፣ እኔ ግጥሙን እያነበብኩ ነው የሰማሁት፣ ግን እሱን አልቆጥርባቸውም ምክንያቱም ያ አነጋገር የቤታቸው ነው፣ አልቀየሩትም፣ እኔ የቀየርኩትን።

እንዴት ትሰሙት ለሚል፣ በስልኩ በራሱ ስፒከር አይሆንም፣ ግማሹ ዘፈን ታች ቤዙ ውስጥ ነው ያለው፣ እሱ ጠፍቶ ሲቀር ሁለት ሰዎች በረዥሙ ሲያወሩ ብቻ ነው የምትሰሙት። ጆሮ የሚደበድብ ቤዝ የተጨመረበት ርካሽ ኤርፎንም አይሆንም፣ እኔ አንዱን ገዝቼ ኤሌቬተርስ ላይ እንደ ቆርቆሮ ሲንጣጣ ነው ያስቀመጥኩት። ደህና ኤርፎን ወይ ደግሞ የድሮ የቤት ስፒከር፣ ያ ትልቁ የእንጨቱ።

የእንጨቱ ስፒከር ያለው አጎቴ ጋ ነው። ሆጤ አካባቢ ነው ቤቱ፣ ስፒከሩም ዲቪዲ ማጫወቻውም በጨርቅ ተሸፍኖ የሚቀመጥ፣ አምባሰል ካልሆነ ሌላ ብዙ የማይሰማ ሰው ነው። እሁድ ከሰዓት የአክስቴ ልጅ ልትሰናበተው ስትሄድ ሲዲውን ይዤ አብሬ ሄድኩ። ጋሼ ይሄን አንዴ ልክፈተው ስለው “ያ የምትጮሁበት ነው?” አለኝ። አይጮህም ጋሼ አልኩት። የየት ሀገር ነው አለ፣ አትላንታ ስለው ፊቱ በራ። “አትላንታማ የኃይሌ ናት!” አለ፣ ከዛ ስለ 1988ቱ ኦሎምፒክ ጀመረ፣ ኃይሌ ኬንያዊውን ቴርጋትን በአስር ሺ ሲቀድመው፣ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ስታሸንፍ፣ ከአፍሪካ ሴት የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ በመውሰድ የመጀመሪያዋ እሷ ናት፣ ጎረቤት ሁሉ አንድ ቴሌቪዥን ላይ ተሰብስቦ እንዴት እንዳለቀሰ። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ኃይሌና ፋጡማ እዛ ከተማ ውስጥ ሲሮጡና ይሄ አልበም ሲወጣ መሃሉ አንድ ወር ነው። ያ አጎቴ በቴሌቪዥን ያየው ከተማ ውስጥ እነዚህ ልጆች ነበሩ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ከፈትኩለት። የአክስቴ ልጅ ቡናውን እየቆላች፣ አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳውን ተደግፎ። ለአምስት ዘፈን ያህል ዝም አለ፣ ኤሌቬተርስ ላይ ሲደርስ “ይሄማ ያንጎራጉራል” አለኝ። ጭንቅላቱ ትንሽ ትንሽ ይነቀነቅ ነበር። ጃዚ ቤልን ለምን እንዳልተረጎምኩለት አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

በረካው ሲቀዳ መዝጊያው ላይ ደርሰናል፣ 13ኛው ፎቅና ማርጀት የሚለው። መጀመሪያ ቢግ ሩብ የሚባል ሰው በወፍራም ድምፅ ግጥም ያነባል፣ ከዛ ፒያኖ ይገባል፣ የዴብራ ኪሊንግስ ድምፅ አለበት፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመስል ነገር። አንድሬ አረንጓዴው ዛፍ ቢጫ ይሆናል ቅጠሉም ይወድቃል ይላል፣ ቁስልም በጊዜው ቅርፊት ያወጣል ይላል። አጎቴ ምንድነው የሚሉት አለኝ፣ ተረጎምኩለት። ስኒውን እንደያዘ “ስንት ዓመታቸው ነው እነዚህ ሰዎች?” አለ።

ያኔ 21 ነበሩ ጋሼ አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለም። ዘፈኑ አለቀና ሲዲው ላይ መጨረሻ የተጨመረው የኤሌቬተርስ ሌላኛው ቅጂ ጀመረ፣ ቤዙ የስፒከሩን ጨርቅ ሲያንቀጠቅጠው ይታያል። አጎቴ ስኒውን አስቀምጦ በጣቱ ወደ ማጫወቻው ጠቆመኝ።

“ያንን መልሰው” አለ፣ “የፒያኖውን።”